የወይዘሮ አንጓች ዶሮ

ድሃን መርዳት ከባድ ነው የሚላችሁን ሰው አትመኑት። መርዳቱስ ቀላል ነው፤ ከባዱ ድሃውን ማግኘት ነው። «ምነው፣ አገሩ በድሃ ተሞልቶ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ተሞልቷል እንጂ! ግን እስቲ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ከአንድ የጎጃም ሰው ደጃፍ ቁሙና «ይቅርታ፣ እዚህ ቤት ድሃ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጎረቤቱን ይጠቁማችኋል። ጎረቤቱም ጎረቤቱን። እንዲህ እያላችሁ ዓባይ ዳር ትደርሳላችሁ። «ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር» ይባላል። እኔ ያየሁት ድሃ ግን በሕልሙ ያገኛትን ቅቤ እንኳ አይጠጣትም፤ እንግዳ ቢመጣስ ብሎ ያስቀምጣታል።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። በሆዴ ነው የተማርኩት።

ጊዜው ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ የነበሩበት፣ እኔም ገና ፀጉር የነበረኝ ዘመን ነው። ከሸዋ ተመድቤ ቢቸና የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። የአማዞንን ገባር ወንዞች በቃሌ እወጣቸዋለሁ፤ ሞጣ በየት በኩል እንደሆነች ግን ተማሪዎቼን ጠይቄ ነው ያወቅሁት።

በዚያ ዓመት የደብሩ ሰዎች ተሰብስበን የችግረኞች መርጃ ማኅበር አቋቋምን። ሐሳቡን ያመጡት የቅኔ መምህሩ የኔታ ክንዴ ናቸው። «ምጽዋታችን የእሑድን ረኃብ ያስታግሣል፤ ሰኞን ማን ያስታግሠው?» አሉን አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ። እውነታቸውን ነበር። በየሳምንቱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለዚያው እጅ ያንኑ ቁራሽ እንሰጥ ነበር። እጁም አይጠግብም፣ እኛም አናፍርም። አዲስ አበባ የከበረ አንድ የቢቸና ተወላጅ ይህን ሰማና ምርጥ ምርጥ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ሊልክልን ቃል ገባ። ለአንድ ችግረኛ ቤት አምስት ዶሮና አንድ አውራ ይሰጣል። ቤቱ ሲቋቋም ደግሞ ከጫጩቶቹ ለሌላው ችግረኛ ያስተላልፋል። ዶሮ እያስተላለፉ ከድህነት መውጣት! በወረቀት ላይ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ።

ችግሩ የመጣው «ለማን?» ሲባል ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ውብሸት አክስታቸውን አቀረቡ። ዲያቆኑ አማቱን አስታወሰ። የኔታ ራሳቸው፣ ዓመት ሙሉ ያላነሡት አንድ የወንድም ልጅ ትዝ አላቸው። ስብሰባው ከችግረኞች መርጃነት ወደ ዘር ቆጠራ ሲለወጥ ጊዜ የኔታ በመቋሚያቸው ወለሉን መቱና «ዘመድ ከሌለን አገር እንጀምር» አሉ። ሞጣ ተመረጠች። ሄዶ መዝጋቢውም እዚያ ዘመድ የሌለው መሆን ነበረበት። ከቢቸና እስከ ሞጣ በሥጋም፣ በጋብቻም፣ በክርስትና ልጅነትም የማይገናኝ አንድ ሰው ቢፈለግ ቢፈለግ ከእኔ በቀር አልተገኘም።

ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ይህችን ልብ በሉልኝ። በዓለ ሃምሳ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሁዳዴ ላይ ልከውኝ ቢሆን ኖሮ ንጹሕ ሰው ሆኜ በተመለስኩ።

በጭነት መኪና፣ በጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሞጣ ደረስኩ። የደብሩ ቄስ የስምንት ችግረኞች ስም ጽፈው ጠበቁኝ። ከሁሉ በላይ የሰፈሩት አያ ታፈረ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። አንድ በሬያቸው ሞቶ፣ ሌላውን ሸጠው፣ መሬታቸውን ሰው በእኩል እያረሰላቸው የሚኖሩ ናቸው ተባልኩ። ሄድኩና ከደጃቸው ቆሜ፣ እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅሁ፣ በቀጥታ «አያ ታፈረ፣ ድሃ እንደሆኑ ሰምቼ ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

እንዲህ ያለ ሰላምታ ቀርቦላችሁ ያውቃል? ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አይተውኝ፣ «ማን ነው እንዲህ ያለ ስሜን ያጠፋው?» አሉ። ከዚያ ቁጣቸው ሳይበርድ እጄን ይዘው ወደ ቤት አስገቡኝና በጠላና በሽሮ ቀጡኝ። ጠግቤ ስነሣ «ድሃ ከፈለግህ እኔ አሳይሃለሁ» ብለው ከዘራቸውን አነሡና መንገድ መሪዬ ሆኑ።

መሩኝ። በየቤቱ «ድሃስ ከእኛ ወዲያ ያለው ነው» ይባላል፤ በየቤቱ ግን ሳልቀምስ አልወጣም። አንዱ ቤት ጎመን፣ አንዱ ቤት አጃ በወተት፣ አንዱ ቤት ቆሎ በኪሴ ሙሉ። «በልቻለሁ» ብል «የት?» ይሉኛል። «እነ እገሌ ቤት» ስላቸው «እነሱ ቤት መብላት መብላት ነው?» ብለው ያቀርባሉ። በሰባተኛው ቤት ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አላላሁ። ማኅበሩ ያስያዘኝ የመጠይቅ ፎርም ግን ባዶ እንደ ነበረ ነው።

ስምንተኛዋ ወይዘሮ አንጓች ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። ቤታቸው ዘንበል ብላ፣ በአንድ ጥድ ላይ ተደግፋ ቆማለች። ገና ከሩቅ አይተውን መደቡን በለበሱት ነጠላ ጠራርገው «ይግቡ ጌታዬ፣ ቤት ለእንግዳ» አሉ። ተቀመጥን። ከዚያ እሳቸው ወጡና ከጓሮ የዶሮ ድምፅ ሰማሁ።

የዶሮ ድምፅ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንቁላል የጣለች ዶሮ ድምፅ ነው፤ ጉራ አለበት። ሌላው የተያዘች ዶሮ ድምፅ ነው። የሰማሁት ሁለተኛውን ነበር።

ትልቋ ልጅ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ቀስ ብዬ «ስንት ዶሮ አላችሁ?» አልኳት። «አንድ» አለችኝ፣ ወደ ጓሮ እያየች። «እንቁላሏን ነው እየሸጥን ጨው የምንገዛባት።»

ጆሮዬ ጋለ። ዶሮ ልሰጥ ብዬ የመጣሁበት ቤት ያለችው አንዲት ዶሮ በእኔ ምክንያት ልትታረድ ነው! ብድግ ብዬ ወጣሁ። «እማማ፣ በእግዚአብሔር፣ እኔ ሰባት ቤት በልቼ ነው የመጣሁት፤ ከዚህ በላይ ብበላ እሞታለሁ» አልኳቸው። ወይዘሮ አንጓች ገብስማዋን ዶሮ በብብታቸው እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። እስከዚያ ድረስ በአንቱታ ነበር የሚያናግሩኝ። ያን ጊዜ አንቱታው ቀረ። «ስማ ልጄ፣ የእነሱን ቤት በልተህ የእኔን ቤት ልትዘል ነው? ባሌ ስለሞተ ቤቴ ቤት አይደለም?» አሉኝ።

ለዚህ መልስ ያለው ጂኦግራፊ መምህር ካለ እጁን ያውጣ።

መቼም ሴት ልጅ ዶሮ አትባርክም። ወንድ ከሌለበት ቤት ዶሮ የሚታረደው አላፊ አግዳሚ ወንድ ሲገኝ ነው። ወይዘሮ አንጓችም «አያ ታፈረ፣ እስቲ ይቺን ይባርኩልኝ» ብለው ቢላውን ዘረጉ። በዚህ ጊዜ ነው አንድ ብልሃት ብልጭ ያለልኝ። «አያ ታፈረ አይድከሙ፣ እኔ እባርካታለሁ!» ብዬ ተሽቀዳደምኩ። ሽማግሌው ተገርመው «ትችላለህ?» አሉኝ። «በሚገባ» አልኩ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ኃጢአቶች ውስጥ ያቺ ውሸት ከቀላሎቹ ናት ብዬ አምናለሁ።

ዶሮዋን ይዤ ከቤቱ ጀርባ ዞርኩ። ማንም እንደማያየኝ አረጋገጥኩ። በአጥሩ ሽንቁር በኩል ወደ ጫካው አሳየኋትና «ሂጂ የኔ እናት፣ ነፍስሽን አድኚ» ብዬ ለቀቅኋት። ከዚያ «አመለጠችኝ!» ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ሆኖም ዶሮ ዶሮ መሆኗን ረስቼ ነበር። ገብስማዋ ጫካውን አንድ ጊዜ አየችው፤ እኔንም አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ክንፏን ዘርግታ፣ ቤቱን ዞራ፣ በበሩ ገብታ፣ በወይዘሮ አንጓች እግር ሥር ሾልካ ጓዳ ውስጥ ገባች። እመቤቷ ዘንድ መሸሸጓ ነበር እኮ፣ ምስኪን!

«አመለጠችኝ» ማለቴ ግን አልቀረም፤ ጩኸቱ አንዴ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። አንዱ ከጓዳ ያስወጣታል፣ አንዷ በመደቡ ሥር ታሳድዳታለች፣ ዶሮዋ በእኔ ራስ ላይ አልፋ እንስራ ላይ ትቆማለች። እኔ የማሳደድ መስዬ በሩን ወለል አድርጌ ብከፍትላት እሷ ከቤቷ ንቅንቅ አልል አለች። በመጨረሻ አያ ታፈረ ጋቢያቸውን እንደ መረብ ወርውረው ያዟት። «የተማረ ሰው እጅ ለእርሳስ ብቻ ነው» አሉና ቢላውን ተቀብለውኝ፣ በስመ አብ ብለው፣ ነገሩን ጨረሱት።

እኔ ዶሮዋን ለማዳን ባደረግሁት ጥረት ዶሮዋ አልዳነችም። ሊያሳድድ የመጣው ሰው ግን ቁጭ አለ። ባለቤቷም «ደክማችሁማ ሳትቀምሱ አትሄዱም» አሉት። ለሁለት እንግዳ ልትታረድ የነበረች ዶሮ ለአሥራ አንድ ሰው ታረደች።

ወጡ ሲቀርብ ፈረሰኛው ብልት ከእኔ ፊት ወደቀ። ልጆቹ ራቅ ብለው ይመለከታሉ። «ልጆቹ ይምጡ» ብል «ይደርሳቸዋል» ተባልኩ። ጠግቤያለሁ ብል ወይዘሮ አንጓች አጎረሱኝ፤ አንድ ያጣላል ብለው ደገሙኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ወጡ ይጣፍጥ ነበር። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ። ሰው እያዘነ እንዴት ይጣፍጠዋል? ጣፈጠኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እሳቸው በርበሬው የበዛ መስሏቸው ውኃ አቀረቡልኝ።

ከተበላ በኋላ ፎርሙን አወጣሁ። ጥያቄዎቹን ያዘጋጁት አቶ ውብሸት ናቸው። «በቤቱ ዶሮ አለ ወይ?» ይላል አንዱ። ለማንበብ ፈራሁ፤ ካነበብኩ በኋላም ፈራሁ። ወይዘሮ አንጓች ድስቱን ተመለከቱ። «ነበረችኝ» አሉ። እርሳሴን ወደ ወረቀቱ አስጠጋሁ። እሳቸው ግን ትከሻዬን መታ አድርገው «ይህን አትጻፈው ልጄ። ለእንግዳ የታረደ ነገር በወረቀት አይሰፍርም» አሉኝ።

እኔ ግን ጻፍኩት። የሸዋ ሰው አይደለሁ? ከሥር «የመዝጋቢው አስተያየት» በሚለው ቦታ «ያለቻቸውን አንዲት ዶሮ አርደው ተቀብለውኛል» ብዬ አሰፈርኩ። ለእሳቸው የሚጠቅም መስሎኝ ነበር፤ የሌሎቹንም ሰባት ቤት መስተንግዶ እንዲሁ አሰፈርኩ።

ቢቸና ተመልሼ ማኅበሩ ፊት ስቀርብ አቶ ውብሸት ፎርሙን ተቀበሉኝ። አቶ ውብሸት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የሚያምኑት በአንቀጽ ነው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፣ ደገሙ፣ ከዚያ «ዶሮ አርዳ እንግዳ የምታበላ ሴት ችግረኛ ልትባል አትችልም። ትሰረዝ» አሉ። ብዕራቸውን ነከሩ።

እንዴት እንደደነገጥኩ አልነግራችሁም። ዶሮአቸውን በላሁባቸው፤ አሁን ደግሞ ስማቸውን ላስበላባቸው ነው! ብድግ ብዬ «አቶ ውብሸት፣ ያቺን ዶሮ የበላሁት እኔ ነኝ። የሚሰረዝ ካለ እኔን ይሰርዙኝ!» ብዬ ጮኽኩ። እሳቸው ግን በእርጋታ ቀጠሉ። «ሌሎቹስ? አያ ታፈረ ጠላና ሽሮ። ይሰረዙ። ይህኛው ቤት አጃ በወተት። ይሰረዝ።» ስምንቱም አብልተውኝ ነበርና ስምንቱም ሊሰረዙ ሆነ። «በሞጣ ውስጥ ያላበላህ ሰው የለም?» ብለው ጠየቁኝ።

አንድ ሰው ነበር። ከቢቸና የተላከ ደብዳቤ ያደረስኩለት፣ ሦስት ጎተራ ያለው የእህል ነጋዴ። ደብዳቤውን በሩ ላይ ተቀብሎ «ምሳ በልተህ ይሆናል» ብሎ ነበር የዘጋብኝ። በአቶ ውብሸት አንቀጽ መሠረት በመላው ሞጣ ድሃ ሆኖ የተገኘ እሱ ብቻ ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ የሳቁት የኔታ ናቸው። መቋሚያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። «ልጄ፣ እኛ የላክንህ ድሃውን መዝግበህ እንድትመጣ ነበር። አንተ «ዘ» የምትባለዋን ፊደል መንገድ ላይ ጥለሃት ተመግበህ መጣህ!» አሉኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ አቶ ውብሸት እንኳ ከንፈራቸውን ነከስ አደረጉ። ከዚያ የኔታ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። «ኤልያስም የሰራፕታዋን መበለት የመጨረሻ ዱቄት በልቷል። ነገር ግን ማድጋዋ እንዳይጎድል አድርጎ ነው የሄደ። አንተስ ምን አደረግህላት?»

ቆሎው እንኳ ገና በኪሴ ነበር።

በዚያው ተወሰነ። ስምንቱም ይረዱ፤ ከሁሉ የተሻሉት ዶሮዎች ለወይዘሮ አንጓች ይሁኑ፤ አድራሹም በላተኛው ይሁን ተባለ። አቶ ውብሸት ብዕራቸውን ጠርገው «በልዩ ሁኔታ» ብለው ጻፉ።

ዶሮዎቹ በደጀን በኩል ሲደርሱ እኔ አሰብኩ። ሰው ከስሕተቱ ይማራል አይደል? ዝም ብዬ ብሄድ ሴትዮዋ ካመጣሁላቸው አንዷን አርደው ሊያበሉኝ ነው። ስለዚህ እስከ ሰኔ ጾም ድረስ ምክንያት እየፈጠርኩ ቆየሁ። በጾም ማን ዶሮ ያርዳል? ጾሙ በገባ በማግስቱ፣ ዝናብ መንገዱን ሳይዘጋው፣ በመጨረሻዋ የጭነት መኪና ላይ ሣጥኖቼን ጭኜ ተጓዝኩ። አውራዎቹ ቁልቁለት ባገኘን ቁጥር እየጮኹ ሾፌሩን አሳበዱት፤ እኔ ግን በብልጠቴ ፈገግ እያልኩ ነበር።

ሰባቱን ቤት አዳርሼ በመጨረሻ ወይዘሮ አንጓች ዘንድ ሄድኩ። ነጫጮቹን ዶሮዎች ሲያዩ እልል አሉ። ልጆቹ አንድ አንድ ዶሮ አቅፈው አለቅም አሉ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ የሽንብራ ቂጣ በተልባ ብቻ በላሁና፣ አሸነፍኩ ብዬ ለመሄድ ተነሣሁ። ወይዘሮ አንጓች ቆይ አሉኝ። ከአምስቱ የወፈረችውን መርጠው፣ እግሯን በገመድ አስረው፣ በእጄ አስያዙኝ። «ጾም ሆነና ሳላርድልህ ቀረሁ። ሲፈታ አንተው ታርዳታለህ። ያን ጊዜ እንዳደረግኸው እንዳትለቃት ብቻ» አሉኝ።

ለመንኩ፣ ተገዘትኩ፣ ማልኩ። ምን ዋጋ አለው? «የምሰጠው አጥቼ ስሰጥ ተቀብለህ፣ አሁን ሲኖረኝ ልትመልስብኝ ነው?» አሉኝ። ከሳቸው ጋር መከራከር እንደማያዋጣኝ መቼም ታውቃላችሁ።

መኪናዋ በጭቃ ምክንያት ሳትመለስ ቀረች። በተከራየኋት በቅሎ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ነጭ ዶሮ በብብቴ ይዤ ወደ ቢቸና ተጓዝኩ። በየመንደሩ «ትሸጣታለህ ወይ?» እባላለሁ። ቢቸና ስገባ የገበያ ቀን ነበርና ከተማው በሙሉ አየኝ። ለድሃ ዶሮ ሊያድል የሄደው መምህር ዶሮ ይዞ ተመለሰ! የኔታን ምን ላድርጋት ብዬ ብጠይቃቸው «ብትመልሳት ትሰድባቸዋለህ፤ አኑራት» አሉኝ። አኖርኳት። በየቀኑ ትጥልልኝ ጀመር።

ወይዘሮ አንጓችም ቀናቸው። ነጫጮቹ ዶሮዎች እንቁላል መጣል እንጂ መታቀፍ አያውቁም ነበር። አያ ታፈረም ለእሳቸው የመጡትን ዶሮዎች «ለሌላ ድሃ ስጡልኝ» ብለው መልሰው ነበርና፣ ቤታቸው የቀረችው አንዲት የአገር ዶሮ ብቻ ናት። ሴትዮዋ ሄደው «አያ ታፈረ፣ እንቁላሉ ከእኔ፣ ማቀፉ ከእርስዎ ዶሮ፤ ጫጩቱን እኩል እንካፈል» አሏቸው። ምጽዋት አይደለም፤ የእኩል ሥራ ነው። ሽማግሌው ያኔ ነው ዝም ብለው የተቀበሉት። በዓመቱ የሁለቱም ግቢ ነጭ በነጭ ሆኖ፣ ጨዉም ቀርቶ ወይዘሮ አንጓች ጥጃ ገዙ ተባለ።

ዓመቱ ሲያልቅ አቶ ውብሸት የማኅበሩን ዘገባ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ ሁሉ አነበቡ። ሰው ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ እኔም ከወንዶቹ በኩል፣ ከወደ ኋላ ቆሜያለሁ። «ማኅበራችን በሞጣ ስምንት ቤተሰቦችን ረድቷል» አሉ። ሰዉ በደስታ ተንሾካሾከ። አቶ ውብሸት ገጹን ገለጡና፣ እውነትን ከመጻፍ ወደ ኋላ የማይሉ ሰው ናቸውና፣ ቀጠሉ፦ «እንዲሁም አንዲት ዶሮ፣ ቤተሰብ ለሌለው አንድ ብቸኛ የቢቸና መምህር ተሰጥታ፣ እሱም በአሁኑ ጊዜ እንቁላል እየበላ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል።»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዲት ባልቴት ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ከዚያ ምእመናኑ በአንድ ድምፅ «እሰይ! እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ። እኔም ምን አደርጋለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ አብሬ አመሰገንኩ።